ያያችሁትን ንገሩን
ስለ አጭር ፊልም ሥራና ስለ ፊልም ሂስ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

ነገሬን አንዲት እናት ስለ ፊልሜ ከነገሩኝ ልጀምር።

አዲስ አበባ ውስጥ መገናኛን፣ ሜክሲኮን ወይም ፒያሳን በእግሩ ያቋረጠ ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ያውቃል። ካርቶን አንጥፎ ይቀመጣል። ሚዛኑን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። አላፊ አግዳሚው ከነጫማው ይወጣበታል፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ ኪሎውን ይነግረዋል፤ ብሩን ተቀብሎ ሚዛኑን እንደገና ይወለውላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለዚህ ልጅ አጭር ፊልም ሠራሁ። አራት ሰዎች ነበርን። እኔ ካሜራ ያዝኩ፤ ጓደኛዬ ድምፅ ቀዳ፤ እህቴ ዕቃ ጠበቀች፣ ምሳም አመጣችልን፤ የጎረቤታችን የ12 ዓመት ልጅ ተወነ። ቀረጻው ሁለት ቀን፣ ኤዲቲንጉ ወር ከግማሽ ፈጀ።

ፊልሙ 11 ደቂቃ ሆኖ ሲያልቅ መጀመሪያ ያሳየሁት ለሰፈሬ ሰው ነው። የዕድራችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ አቡጀዴ ወጠርን፤ ፕሮጀክተር ተዋስን፤ ወንበር ደረደርን። ፊልሙ ሲያበቃ ተጨበጨበ። «በርታ»፣ «ጎበዝ»፣ «እግዚአብሔር ይርዳህ» እየተባለ ምርቃቱ ወረደልኝ። ደስ አለኝ። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ምርቃት ውስጥ ይዤው ወደ ቤት የምሄደው ነገር አልነበረም። ሰዉ ሊወጣ ሲል ከኋላ ረድፍ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ ይኼ ልጅ ግን የሰው ፊት አያይም። እግር እግር ብቻ ነው የሚያየው። አንዴ ብቻ ቀና አለ፤ ያኔም ፊቱን ሳልጠግበው አሳለፋችሁት» አሉኝ።

ያን ሌሊት ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ልጁ ቀና የሚልበት ሾት ፊልሙ ላይ የሚቆየው 2 ሰከንድ ነው። ጥሬው ቀረጻ ላይ ግን 9 ሰከንድ ነበር። ልጁ ቀና ይላል፤ ሚዛኑ ላይ የቆመውን ሰው ያያል፤ ዓይኑን መመለስ ያቅተዋል፤ ቆይቶ ጨርቁን ያነሳል። ይህን ሁሉ «ይረዝማል» ብዬ የቆረጥኩት ራሴ ነኝ። መለስኩት። ሙዚቃ ጭኜ የከተማውን ሕንፃዎች የማሳይበትን ሁለት ደቂቃ ያህል ደግሞ አወጣሁ። ፊልሙ 9 ደቂቃ ሆነ፤ ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ የማሳየው ይኸንኑ ነው።

እኒያ እናት ፊልሙ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አላሉኝም። ያዩትን ነገሩኝ፤ ማየት ፈልገው ያጡትንም ነገሩኝ። ዛሬ እዚህ ቆሜ የምናገረው ሁሉ ከዚያች ምሽት የወጣ ነው። ፊልም አለቀ የሚባለው ያየው ሰው ያየውን መልሶ ሲናገር ነው ብዬ አምናለሁ። አጭር ፊልም ደግሞ ከማንኛውም ፊልም በላይ ይህ ያስፈልገዋል። ረጅሙ ፊልም ሲኒማ ቤት ይገባል፤ ፖስተር ይለጠፍለታል፤ ትኬት ይሸጥለታል፤ ሰውም ባይጽፍለት ስሙን ያስታውሰዋል። አጭሩ ፊልም ትኬት የለውም፤ አንድ ምሽት ይታይና ሃርድ ዲስክ ውስጥ ይገባል። ማስታወሻው ስለ እሱ የተጻፈው ነገር ብቻ ነው።

ሲኒማ ራሱ ሲወለድ አጭር ነበር። የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ ከፍለው ለገቡ ተመልካቾች ያሳዩዋቸው ፊልሞች እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ አይሞሉም። ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ፣ ሕፃን ከወላጆቹ ጋር ሲመገብ፣ አትክልተኛ በገዛ ቧንቧው ፊቱን ሲረጭ፤ ይኸው ነው። እኛም ዘንድ ብዙ ሳይዘገይ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» አለው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ በአያቶቹ ይስቃል። እኔ ያን ስም የመጀመሪያው የአማርኛ ፊልም ሂስ አድርጌ ነው የማከብረው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ሥጋና ደም የሌለው ሰው ግድግዳ ላይ ሲራመድ ያየ ሰው የተሰማውን በሁለት ቃል ተናገረ። ፈራ፤ መፍራቱንም አልደበቀም። ብዙዎቻችን ዛሬ ፊልም አይተን ስንወጣ የተሰማንን ያህል እንኳ አንናገርም።

ከዚያ በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሰኘው ፊልም መጣ፤ ቆይቶም «ጉማ»። ዲጂታል ካሜራ ከገባ በኋላ ደግሞ የአማርኛ ረጅም ፊልም ሲኒማ ቤቱን ሞላው። አጭር ፊልም በዚህ ሁሉ መሀል የተማሪ ሥራ፣ የረጅም ፊልም መለማመጃ ተደርጎ ይታያል። አልስማማም። አጭር ልብ ወለድ ያልተጨረሰ ረጅም ልብ ወለድ እንዳልሆነ ሁሉ አጭር ፊልምም የራሱ ትንፋሽ አለው። ርዝመቱን በተመለከተ ደንቡ ይለያያል። የካን ፌስቲቫል ለአጭር ፊልም ውድድሩ ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም፤ ኦስካር እስከ 40 ደቂቃ ይፈቅዳል። እኔ በበኩሌ ከ10 ደቂቃ በታች ያለውን አስበልጣለሁ፤ ምክንያቱ በኋላ ይመጣል።

አጭር ፊልም ምን እንደሆነ ያስተማረኝ በአንድ ፊልም ውስጥ ያለ ጋሪ ነጂ ነው። ኡስማን ሴምቤን የሚባለው ሴኔጋላዊ ማርሴይ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ሆኖ የሠራ ሰው ነበር። ልብ ወለድ ጻፈ፤ ታወቀም። ግን አብዛኛው ወገኑ ማንበብ ስለማይችል መጽሐፉ ከሚጽፍላቸው ሰዎች እንደማይደርስ አየ። ሞስኮ ሄዶ ፊልም ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ40 ዓመቱ፣ ዳካር ላይ «ቦሮም ሳሬት»ን ሠራ። 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ከሰሃራ በስተደቡብ ጥቁር አፍሪካዊ የሠራው የመጀመሪያው ፊልም እየተባለ ሲጠቀስ ታገኙታላችሁ። እኔ ግን ለታሪክነቱ ብዬ አይደለም የማነሳው። ዛሬ ማታ ብታዩት ትናንት የተሠራ ይመስላችኋል።

የፊልሙ ጋሪ ነጂ ጠዋት ይጸልያል፤ ፈረሱን ጠምዶ ይወጣል። የሚያሳፍራቸው ሰዎች እንደ እሱ ድሆች ናቸው፤ አንዳንዱ እጁን ጨብጦት ይወርዳል እንጂ አይከፍልም። መሀል ላይ አንድ ዘፋኝ ያገኘዋል፤ በእኛ አገር አዝማሪ የምንለው ዓይነት፤ እዚያ ግሪዮ ይሉታል። የአባቶቹን ጀግንነት እያነሳ ሲያወድሰው ጋሪ ነጂው ልቡ ይሞቃል፤ የዋለበትን ገንዘብ አውጥቶ ይሰጠዋል። ይህን ትዕይንት ለአበሻ ማብራራት አያስፈልግም። ዘር ተቆጥሮለት ኪሱን ያልዳሰሰ ማን አለ? ቀጥሎ የሞተ ሕፃኑን የታቀፈ አባት ወደ መቃብር ያደርሳል፤ ወረቀቱ አልተሟላም ተብሎ ይመለሳል። ከዚያ በደንብ የለበሰ ሰው ይመጣና የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ፕላቶ፣ አድርሰኝ ይለዋል። ጋሪ እዚያ አይገባም። ሰውየው ሰው አውቃለሁ፣ ምንም አትሆንም ይለዋል። ይገባል።

ፖሊሱ ያስቆመዋል። ጋሪ ነጂው ወረቀቱን ከኪሱ ሲያወጣ አብሮት የነበረ ሜዳሊያ መሬት ላይ ይወድቃል። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል የፖሊሱ ጫማ ሜዳሊያው ላይ ያርፋል። ይህን ሾት ለአጭር ፊልም ተማሪ ደጋግሜ አሳያለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ለመናገር አንድ ገጽ ንግግር ይጽፍ ነበር፤ ስለ መንግሥት፣ ስለ ነፃነት፣ ስለ ድሃና ሀብታም። ሴምቤን የፈለገው አንድ ጫማና አንድ ሜዳሊያ ነው። ጋሪው ይወሰዳል። ሰውየው ሳይከፍል ይሄዳል። ነጂው ፈረሱን እየጎተተ ቤቱ ይገባል፤ ሚስቱ ሕፃኑን ታሳቅፈዋለች፤ ዛሬ ማታ እንበላለን ብላው ትወጣለች። የት እንደምትሄድ ፊልሙ አይነግረንም። እዚያ ላይ ያበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሙ ላይ የምንሰማው ድምፅ በቦታው የተቀዳ አይደለም፤ በኋላ ነው የተጫነው። ሴምቤን ይህን እጥረት ሊደብቀው አልሞከረም። ነጂው ሐሳቡን ለራሱ ሲያወራ የምንሰማው አድርጎ ሠራው። እኛም ከሰውየው ጋር ጋሪው ላይ የተቀመጥን ያህል ይሰማናል። «አቅም የለንም» የምትለዋን ቃል እኛ ፊልም ሠሪዎች አብዝተን እንናገራታለን። እውነት ነው፣ አቅም የለንም። ግን በሌለን አቅም ምን መረጥን? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

ልጆች ስክሪፕት ሲያመጡልኝ ብዙ ጊዜ የማየው ከልክ በላይ የተጫነ ጋሪ ነው። በ15 ደቂቃ ውስጥ ስደት አለ፣ ፍቅር አለ፣ ክህደት አለ፣ በቀል አለ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ገጸ ባሕሪው ከእንቅልፉ ይነቃና ሁሉም ሕልም ይሆናል። ይህ የሕልም ነገር እንዲቀር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። 10 ደቂቃ ያላችሁ ከሆነ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ የሚፈልገው ነገር ይበቃል። ፊልም ሠሪዋ ጄሲካ በሺር እ.ኤ.አ. በ2017 «ኃይራት» የሚል አጭር ፊልም አሳየች። ከሐረር ግንብ ውጭ ሌሊት ሌሊት ጅብ ስለሚመግብ ሰው ነው፤ ጥቁርና ነጭ። ሌላ ታሪክ የለውም። ሰውየው አለ፣ ጨለማው አለ፣ ጅቦቹ አሉ። ስለ ሐረር ጅቦች ከሰማነውና ካየነው ሁሉ ያ ፊልም ልቤ ውስጥ የቀረው እንስሳቱን እንደ ጉድ ስለማያሳየን ይመስለኛል። ሰውየውንና ጅቡን የሚያገናኘውን ልማድ ነው የሚያሳየን። በኋላ ረጅም ፊልሟን «ፋያ ዳዪ»ን ስትሠራ አሥር ዓመት ያህል ወደ ሐረር እየተመላለሰች ራሷ ነች የቀረጸችው። ትንሽ ፊልም ሠሪ ከትልቅ ኩባንያ የሚበልጥበት አንድ ሀብት ጊዜ ነው። ማንም አያስቸኩለንምና።

አሁን ስለ ድምፅ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ አጭር ፊልም የሚሞተው ዓይን ላይ ሳይደርስ ጆሮ ላይ ነው። ሰው የደበዘዘ ምስል ይታገሳል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገስም። የሚዛኑ ልጅ ፊልሜ ላይ ልጁ ኪሎ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ «ሃምሳ ሁለት» ይላል፣ ያው ነው። ቀረጻው ቦታ ስንሄድ ፀጥ ያለ ጥግ አገኘን ብለን ተደሰትን። ካሜራውን ስንከፍት ከጀርባችን ያለው ሱቅ ፍሪጅ ያጓራል፤ ከፊታችን የታክሲ ረዳት «ቦሌ! ቦሌ! አንድ ሰው!» ይላል። ማታ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ስሰማው ልጁ የተናገራቸው ቁጥሮች በሙሉ ጠፍተዋል። በማግስቱ ልጁን ቤት ወሰድን፤ ክፍሉ ውስጥ ዙሪያውን ብርድ ልብስ ሰቀልን፤ ቁጥሮቹን ብቻ አንድ በአንድ እንደገና ቀዳን። የረዳቱን ጩኸት ግን አላጠፋሁትም፤ ከሩቅ እንዲሰማ አድርጌ ተውኩት። ከተማው የሚጮኸው ልጁ በሚያንሾካሹክበት ላይ ነው፤ ለካ ፊልሜ ይህን ይፈልግ ነበር።

ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አምስት ደቂቃ ስሙ። የሱቁን ባለቤት ለምኑና ፍሪጁን ለግማሽ ሰዓት ያጥፋላችሁ፤ ለስላሳ ግዙለት። ስትጨርሱ ማንም ሳይናገር የቦታውን ድምፅ አንድ ደቂቃ ቅዱ፤ ኤዲት ስታደርጉ ንግግሩ የተቆረጠበትን ቀዳዳ የምትሞሉት በእሱ ነው። ማይኩን ካሜራው ላይ አትተዉት፤ ወደ አፍ አቅርቡት። የሚይዝላችሁ ሰው ከካሜራ ማኑ እኩል የሚከበር ይሁን።

ብርሃኑን በተመለከተ አዲስ አበባ ቸር ናት፣ ሰዓቷን ካወቃችሁባት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆምና የሰው ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች፤ ቆንጆውም ሰው የታመመ ይመስላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት በኋላ ቅረጹ። ዓይን ያዝ ሲያደርግ ያለው ሰማያዊ ብርሃን የሚያምር ነው፤ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይሄዳል፤ ተዋናዩን አስቀድማችሁ አለማምዱ። የቀረጻችሁትን ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ ከዚህ በላይ ስለ ዕቃ ብዙ የምለው የለኝም። የትኛው ካሜራ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይጠየቀኛል፤ ከሁሉም በላይ የማይጠቅመውም እሱ ነው።

ወደ ሂሱ ልመለስ።

ሕንዳዊውን ፊልም ሠሪ ሳታጂት ራይን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1947 ከጓደኞቹ ጋር ካልካታ ውስጥ የፊልም ማኅበር መሠረተ፤ በዓመቱ የሕንድ ፊልም ምን እንደጎደለው የሚጠይቅ ጽሑፍ ጋዜጣ ላይ አወጣ። ያኔ አንድም ፊልም አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ1950 ለንደን ሄዶ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ መቶ የሚጠጉ ፊልሞችን አየ። ከዚያ ነው «ፓተር ፓንቻሊ»ን የጀመረው፤ ገንዘብ እያለቀ ቀረጻው ዓመታት ፈጀ፤ የሚስቱ ጌጣጌጥ ሳይቀር መያዣ ሆነ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲወጣ ጽሑፉ ላይ የጠየቀውን ራሱ መለሰ። ዝነኛ ከሆነ በኋላም አጭር ፊልም አልናቀም። እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው «ሁለት» የሚለው ፊልም ንግግር የሌለበት ነው። አንድ የሀብታም ልጅ በመስኮት፣ አንድ የድሃ ልጅ ከውጭ። አንዱ መጫወቻውን ያወጣል፣ ሌላውም ያለውን ያወጣል። የድሃው ልጅ ካይት ሲያበር የሀብታሙ ልጅ በአየር ጠመንጃ ተኩሶ ይጥለዋል። መጨረሻ ላይ የሀብታሙ ልጅ መጫወቻዎች ቤቱ ውስጥ እየተጋጩ ይወድቃሉ፤ ከውጭ የድሃው ልጅ ዋሽንት ይሰማል። ከሂስ የተነሱት ፈረንሳዮችም እንዲሁ ናቸው። ፍራንሷ ትሩፎ ሂሱ ስለበረታ እ.ኤ.አ. በ1958 የካን ፌስቲቫል መግቢያ ከለከለው፤ በሚቀጥለው ዓመት «400ዎቹ ምቶች»ን ይዞ ሄደና እዚያው በምርጥ ዳይሬክተርነት ተሸለመ። እነዚህ ሰዎች ሂስ ጽፈው ሲያበቁ ፊልም ሠሪ የሆኑ አይደሉም። መጻፋቸው ራሱ የፊልም ሥራቸው መጀመሪያ ነበር።

እኔም ገና ካሜራ ሳልይዝ ሂስ መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ ጅማሬዬ ግን ጥሩ አልነበረም። አንድ ወጣት የሠራውን አጭር ፊልም አየሁና «ድምፁ መጥፎ ነው፣ ትወናው የሞተ ነው፣ ጊዜዬን አባከንኩ» ብዬ ጻፍኩ። ሰዎች ጽሑፉን ወደዱት። ልጁ አግኝቶኝ «ምኑ ጋ ነው ድምፁ የጠፋህ?» ሲለኝ መመለስ አልቻልኩም። አላስታወስኩም። ፊልሙን አላየሁትም ነበር፤ ፍርድ እየፈለግኩ ነበር ያየሁት። ሁለት ዓመት ቆይቶ የገዛ ፊልሜ ድምፅ በፍሪጅ ሲበላ ያ ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። ልጁን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት። ዛሬ ስለዚያው ፊልም ብጽፍ እንዲህ እል ነበር፦ አራተኛው ደቂቃ ላይ እናትየው ለልጇ የምትነግራትን አልሰማሁም፤ ስለዚህ ልጅቷ ለምን ቤቱን ጥላ እንደወጣች ሳላውቅ ፊልሙ አለቀ። ይህን ያነበበ ሠሪ ነገ ጠዋት የሚሠራው ነገር አለው። «ድምፁ መጥፎ ነው» የሚለውን ያነበበ ግን ከማዘን በቀር የሚሠራው የለም።

አሁን ስጽፍ አንድን አጭር ፊልም ቢያንስ ሁለት ጊዜ አያለሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ ደብተሬን ዘግቼ፣ እንደ ማንኛውም ተመልካች፤ የት እንደተነካሁና የት እንደደከመኝ ብቻ ለማወቅ። ሁለተኛውን ጊዜ ሰዓት ይዤ፤ የትኛው ሾት ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ካሜራው የት ቆመ፣ ማን ሲናገር ማንን እናያለን። አንዳንዴ ድምፁን አጥፍቼ አየዋለሁ፤ ያኔ ተዋናዩ በፊቱ የሚሠራውና ሙዚቃው የሚሠራለት ይለያል። ማጀቢያ ሙዚቃ በአብዛኛው ፊልማችን ላይ እንደ በርበሬ ነው የሚነሰነሰው፤ ተመልካቹ እንዲያለቅስ የሚያዝ ሙዚቃ ሲመጣ ሠሪው በምስሉ እንዳልተማመነ አውቃለሁ። ከ10 ደቂቃ በታች ያለውን ፊልም የማስበልጠው እንዲህ ደጋግሞ ለማየት ስለሚመች ነው። 9 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ማየት ይቻላል። ሠሪውም ሐያሲውም ሙሉውን በጭንቅላታቸው ሊይዙት ይችላሉ፤ ከሰም ወርቁን እንደምንፈታው ቅኔ ይገላበጣል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ከተማችን ትልቅ ትመስላለች፤ ፊልም የሚሠራው ሰው ግን እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ዛሬ የምጽፍበት ልጅ ነገ ማይክ የሚይዝልኝ ነው፤ ትናንት ሌንስ ያዋሰኝ ነው። ስለዚህ የፊልሙ ምርቃት ላይ ተቃቅፈን «እንኳን ደስ ያለህ፣ በጣም አሪፍ ነው» እንባባላለን፤ ከአዳራሹ ወጥተን ቡና ላይ ስንቀመጥ እውነተኛው አስተያየት ይወጣል። ሠሪው ግን እዚያ የለም። ይህ ሐሜት ነው፤ ሐሜት ደግሞ ፊልም አያሻሽልም። ሂስና ሐሜት አንዳንዴ ቃላቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው ሂስ ስሙን ጽፎ ሠሪው ፊት መቆሙ ነው። እኔ የያዝኩት ደንብ ይህ ነው። ስለ ሠራሁበት ወይም የቅርብ ጓደኛዬ ስለ ሠራው ፊልም ከጻፍኩ መጀመሪያው መስመር ላይ ይህንኑ እናገራለሁ። ከባለ ፊልሙ በትራንስፖርት ስምም ሆነ በሌላ ገንዘብ ተቀብሎ ስለ ፊልሙ መጻፍ ነውር ነው። ሰውን አልነካም፤ ምርጫውን እጠይቃለሁ። «ዳይሬክተሩ ሰነፍ ነው» ማለት አላውቅም ማለት ነው፤ «ይህን ሾት ለምን ከላይ ቀረጸው?» ማለት ግን ጥያቄ ነው፤ መልስ ይገኝለታል።

ደግሞም ምሕረት ውሸት መሆን የለበትም። ጀማሪ ነው ብለን የማይረባውን ድንቅ ነው ካልን ልጁን ገደልነው። እኒያ የዕድር እናት በጣም ይወዱኝ ነበር፤ ግን ያዩትን አልሸሸጉኝም።

ተመልካችም ይሠራል። ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጨርስ አሜሪካ ውስጥ የሚያሰራጭለት አጣ። ራሱ አዳራሽ እየተከራየ፣ ከተማ ከተማ እየዞረ አሳየው፤ ሰዉ አይቶ ለሰው ነገረ፣ አዳራሹም ሞላ። ዋሺንግተን ዲሲ ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በዚያው ፊልም ስም የመጽሐፍና የፊልም ቤት ከፈተ። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ያውቁታል። ከዚያ በፊት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እዚህ አገር መጥቶ በጥቁርና ነጭ ሲሠራ ከትልቅ ኩባንያ ያገኘው ነገር የለም። እሱን ያቆየው አይቶ የሚናገር ሕዝብ ነው። እኛ ግን የዕድር አዳራሽ አለን፤ የትምህርት ቤት አዳራሽ አለን፤ የወጣት ማዕከል አለን። ነጭ ግድግዳና ፕሮጀክተር ካለ አጭር ፊልም ይታያል። የጎደለው ከታየ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሰው ተቀምጦ ያየውን የሚናገርበት፣ አንድ ሰው ደግሞ የሚጽፍበት።

አሁን መብራቱ ይጠፋል። ሦስት አጫጭር ፊልሞች እናያለን፤ የመጀመሪያው 6 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 9፣ ሦስተኛው 12 ነው። ሦስቱንም የሠሩት ልጆች ከኋላችሁ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዷ ይህ የመጀመሪያ ፊልሟ ነው። ወንበራችሁ ላይ ወረቀትና እርሳስ አለ። ነጥብ አትስጡ፤ ኮከብ አትሳሉ። ያያችሁትን አንድ ነገር፣ ማየት ፈልጋችሁ ያጣችሁትን አንድ ነገር ጻፉ፤ ስማችሁንም ከሥሩ አስፍሩ። ስትወጡ ወረቀቱን በሩ ላይ ለቆመችው ልጅ ስጧት። ልጆቹ ዛሬ ማታ ያነቡታል።